ቱቦውን ሳትከፍቱ አንብቡት፦ በግማሽ ዋጋ የተገዛው ኢንተርፌሮን ጋማ

በቤተ ሙከራ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ (የበሽታ መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት ፕሮቲን) በገበያው ግማሽ ዋጋ አቀርባለሁ የሚል ነጋዴ ከመጣባችሁ፣ ያመጣውም በትንሽ ፕላስቲክ ቱቦ የገባ ፈሳሽ ከሆነ፣ እባካችሁ አትረከቡ። እኛ ተረክበን አምስት ወር ሙሉ ሌላ ነገር ስንለካ ኖረናል። የነጋዴውን ስም አልጽፍም። ስሙ የሚጠቅመው ከእሱ ጋር ለሚገናኝ ሰው ብቻ ነው፤ አሠራሩን ካወቃችሁ ግን ከማንም ዘንድ ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

የምንሠራው ጎንደር ነው፤ ሥራችን በካላ አዛር ላይ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ሌይሽማኒያ የሚኖረው ሊገድለው በሚገባው ሴል በማክሮፋጅ ሆድ ውስጥ ነው። ማክሮፋጁን የሚያነቃው ዋናው መልእክት ደግሞ ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚልኩት ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። ስለዚህ ከጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ደም እንወስዳለን፣ ከደሙ ሞኖሳይት የተባለውን ነጭ የደም ሴል እንለያለን፣ ወደ ማክሮፋጅ እናሳድጋለን፣ ከዚያም ኢንተርፌሮኑን ጨምረን ጥገኛ ተሕዋሱን መግደል አለመግደሉን እናያለን። ኢንተርፌሮኑ ሐሰት ከሆነ የተቀረው ሁሉ ሐሰት ነው።

ግዢው የተፈጸመው እናንተም በምታውቁት መንገድ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛው ዋጋ አሸነፈ። የእኛ ጥያቄ «የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ፣ 100 ማይክሮግራም» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ከዚህች መስመር ይጀምራል። ሁለቱ አቅራቢዎች ከአምራቹ እናስመጣለን፣ ሦስት ወር ይፈጃል አሉ። ሦስተኛው ግን «ዶክተር፣ አይስጉ፤ እጃችን ላይ አለ፣ በሳምንት ውስጥ እናደርሳለን» አለ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለዓመታት ያንገላታው ተመራማሪ «እጃችን ላይ አለ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ።

በሳምንቱ መጣ። የፎም ሣጥን፣ ውስጡ ቀልጦ ውኃ የሆነ የበረዶ ከረጢት፣ በከረጢቱ መሐል አምስት ትናንሽ ቱቦዎች። ይህ ዓይነቱ ፕሮቲን ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ በቫኪዩም የደረቀ ዱቄት ሆኖ፣ በታሸገ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብልቃጡ ባዶ ሊመስል ይችላል። የእኛ ግን ፈሳሽ ነበር፤ መለያውም በማርከር የተጻፈ። ስንጠይቅ «ለደንበኛ እንዲመች እኛው ከፋፍለነው ነው» ተባልን። ትልቅ ብልቃጥ ገዝቶ፣ በራሱ ውኃ አሟሙቶ፣ ቆራርጦ መሸጥ ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ ሣጥኑን መመለስ ነበረብን። አልመለስነውም፤ ምክንያቱም አብሮት የመጣው የጥራት ሰርተፍኬት የታወቀ አምራች አርማ ነበረው፤ የፕሮቲኑ መጠንም በመለኪያችን ልክ በተባለው ቁጥር ወጣ።

ውጤቱም አማረ። ማክሮፋጆቹ ነቅተው ብግነት ቀስቃሹን ፕሮቲን ቲኤንኤፍ አልፋን በብዛት አመረቱ። ኢንተርፌሮን ጋማ ብቻውን በሰው ማክሮፋጅ ላይ ቲኤንኤፍን ያን ያህል እንደማያስወጣ፣ ይልቁንም ሴሉን ለሌላ ቀስቃሽ እንደሚያዘጋጅ ሁላችንም ተምረነዋል። ያን ጊዜ አላስታወስነውም። ሰው የጠበቀውን ሲያገኝ አይመረምርም።

ነገሩን ያወጣችው አንዲት የማስተርስ ተማሪ ናት። በጎን የአይጥ ማክሮፋጅ ሴሎች ታሳድግ ነበር፣ ራው 264.7 የሚባሉትን። ከእኛ ቱቦ ጥቂት ወስዳ ጨመረችባቸውና በማግስቱ በግሪስ ማቅለሚያ ናይትራይት ለካች፤ ናይትራይት የአይጥ ማክሮፋጅ መንቃቱን ያሳያል፣ ማቅለሚያውም ሲያገኘው ሮዝ ይሆናል። ሳህኑ ደማቅ ሮዝ ሆነ። እየሮጠች መጥታ «ሠራልኝ!» አለችን። እኔ ግን እጄ ቀዘቀዘ። የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ በአይጥ ሴል ላይ አይሠራም፤ ተቀባዩ አያውቀውም። የአይጡን ሴል የሚያስነሳው ነገር በቱቦው ውስጥ ካለ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ኢንዶቶክሲን ነው። የኢንተርፌሮን ጋማ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1982 በባክቴሪያ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ለምርምር የሚሸጠው አብዛኛው የሚመረተው በኢ ኮላይ ነው። የኢ ኮላይ የውጭ ሽፋን ደግሞ ኢንዶቶክሲን የተባለውን ሊፖፖሊሳካራይድ የተሸከመ ነው። ታማኝ አምራች ይህንን አጥቦ ያወጣዋል። ቱቦውን እንደገና በተራ የተጣራ ውኃ የሞላ ነጋዴ ግን መልሶ ያስገባዋል። ውኃው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ገብቶ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ኢንዶቶክሲኑ አይሞትም፤ እሱን ለማጥፋት የመስታወት ዕቃ የሚገባው 250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው። የሰው ማክሮፋጅ ደግሞ ይህን መርዝ በናኖግራም ክፍልፋይ ይሰማዋል።

በዚያው ሳምንት ሦስት ነገሮች አደረግን። ከቱቦው ግማሹን ለ30 ደቂቃ በፈላ ውኃ ውስጥ አቆየነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ሙቀት አይችልም፣ በፈላ ውኃ ይበላሻል፤ የተቀቀለው ግን ካልተቀቀለው እኩል ቲኤንኤፍ አስወጣ። ቀጥለን ኢንዶቶክሲንን የሚይዘውን ፖሊሚክሲን ቢ ጨመርን፤ የማነቃቃቱ ኃይል ጠፋ ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ጄል ላይ በኤሌክትሪክ አስሮጥነው። ኢንተርፌሮን ጋማ ሊታይ የሚገባው 17 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ነው። እዚያ ዓይን አጥብቆ የሚፈልጋት ቀጭን ጥላ ነበረች። 66 ላይ ግን ወፍራም ጥቁር መስመር ተጋድሟል፤ አልቡሚን ነው፣ ተሸካሚ ተብሎ የሚጨመር የደም ፕሮቲን። በቱቦው ላይ «ከተሸካሚ ፕሮቲን ነጻ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የፕሮቲኑ መጠን ልክ የወጣልን ለዚህ ነው፤ መለኪያው የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ጠቅላላውን ነው የሚቆጥረው።

ነጋዴውን ስንጠራው መጀመሪያ አያያዛችሁ ነው አለ። ከዚያ ሰርተፍኬቱን አውጥተን የሎት ቁጥሩን (የምርት ዙሩን መለያ) ከአምራቹ ጋር አመሳከርን፤ ወረቀቱ ከእኛ ቱቦ ጋር የማይገናኝ የሌላ ምርት ነበር። ገንዘባችን ይመለስ ስንል ደረሰኙን አሳየን። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የላቦራቶሪ ኬሚካል» ብቻ ነው። ኢንተርፌሮን የሚል ቃል የለም፣ ሎት ቁጥር የለም፣ የአምራች ስም የለም። በዚህ ደረሰኝ ማንንም መክሰስ አይቻልም። ይህ ስሕተት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ አንድ መስመር አትጻፉ። በፋብሪካው የታሸገ ያልተከፈተ ብልቃጥ በሉ። የአምራቹ ስምና የሎት ቁጥሩ በብልቃጡ፣ በሰርተፍኬቱና በደረሰኙ ላይ አንድ ይሁን በሉ። የኢንዶቶክሲን ጣሪያ ጻፉ፤ ጥሩ አምራቾች በአንድ ማይክሮግራም ከ1 ዩኒት በታች፣ አንዳንዶቹም ከ0.1 በታች ብለው ያረጋግጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥራ ችሎታው በምን እንደተለካ ጠይቁ። ክብደት ሥራ አይደለም። የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚፈተነው ሴሎችን ከቫይረስ በመከላከል ችሎታው ወይም ኤችቲ 29 የተባሉትን የካንሰር ሴሎች በመግታት ችሎታው ነው፤ ውጤቱም በአንድ ሚሊግራም ስንት ዩኒት ተብሎ ይጻፋል፣ በአብዛኛው ከአሥር ሚሊዮን በላይ። ይህ ቁጥር የሌለበት ሰርተፍኬት ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው። እንዲህ ተዘርዝሮ ከተጻፈ የግዢ ክፍሉም ዝቅተኛውን ዋጋ የሚመርጠው መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ይሆናል። የግዢ ሠራተኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ያልጻፍንላቸውን ሊያውቁልን አይችሉም።

ሲደርሳችሁም መጀመሪያ የተቀቀለና ያልተቀቀለ አነጻጽሩ። የፈላ ውኃ ገንዘብ አያስወጣም። የአይጥ ሴል ያላችሁም ሞክሩበት።

ከውጭ አገር በሚመጣ ወዳጅ ሻንጣ የምታስመጡ ብዙዎች ናችሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ያልተከፈተ ደረቅ ዱቄት ጥቂት ቀን ያለ በረዶ ቢጓዝ በአብዛኛው ይችላል፤ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ፣ ወረቀቱን ሁሉ ከዕቃው ጋር አያይዙ። የተሟሟ ፈሳሽ ግን በሻንጣ አይመጣም። ዱቄቱንም ራሳችሁ ስታሟሙ ከኢንዶቶክሲን ነጻ በሆነ ውኃ ይሁን፤ በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡት፣ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

አንድ ሌላ ነገር አስፈርቶኛል። ይኸው ነጋዴ «ለታማሚም የሚወስዱ አሉ» ብሎኛል። ኢንተርፌሮን ጋማ መድኃኒት ሆኖ የተፈቀደለት ሕመም መኖሩ እውነት ነው፤ ያ ግን ለሰው ተብሎ በመድኃኒት ፋብሪካ የተመረተው ነው። «ለምርምር ብቻ» የሚል ብልቃጥ በማንም ሰው ደም ሥር መግባት የለበትም። እኛ የያዝነው ቱቦ በታማሚ ሰውነት ውስጥ ቢገባ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውደቅ፣ ከዚያም የባሰ ሊያስከትል ይችል ነበር። ዘመዱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ይህን ንገሩት።

የተረፉትን ሁለት ቱቦዎች ከነሣጥናቸው አስቀምጠናቸዋል። አዲሱ ብልቃጥ ባለፈው ወር ከአምራቹ መጣ፤ ሲቀቀል ይሞታል፣ የአይጡን ሴል አይነካም። ሥራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር ደማቸውን የሰጡንን ሰባት ሰዎች ደውለን ጠየቅን፤ የመጀመሪያው ደማችሁ የት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ የምንመልሰው ጠፍቶን ነበር። አራቱ መጥተው እንደገና እጃቸውን ዘረጉልን። አንዱ ስልኩን አያነሳም። ሁለቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደዋል።