ማሸጊያው ዘይቱን ቻለው፣ ሎሚውን ግን አልቻለውም

ይህን የድንጋይ ወለል ማሸጊያ ፈሳሽ የገዛሁት ተናድጄ ነው። ወጥ ቤቴ እምነበረድ ላይ ዘይት ፈስሶ ጥቁር ጥላ ጥሎበት፣ ባሸው ባሸው አልለቅ ብሎኝ ነበር።

አቀባቡ ቀላል ነው። ወለሉን አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ድንጋዩ ያልጠጣውን ጠርጎ ማንሳት። እኔ ግን ስልክ ሳወራ አንዱን ጥግ ረሳሁት። ደርቆ እንደ ጉም ያለ ነገር ጣለበት፤ በዚያው ፈሳሽ መልሼ አርሼ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈትጌ ነው የለቀቀልኝ።

ውጤቱስ? አሪፍ ነው። ድሮ ውሃ ጠብ ሲልበት ወዲያው ይጠጣው የነበረ ድንጋይ፣ አሁን ጠብታውን ድብልብል አድርጎ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ዘይትም ቶሎ ከጠረጉት ምልክት አይተውም።

ያናደደኝ ጠርሙሱ ላይ «ሙሉ ጥበቃ» መባሉ ነው። የምን ሙሉ! እምነበረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል። ማሸጊያው ቆሻሻ ቶሎ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያደርጋል እንጂ አሲድ ላዩን እንዳይበላው አያስጥልም። ቁራጭ ሎሚ ወድቆ ሳላየው አደረ፤ ክብ የደበዘዘ ምልክቱ ይኸው አሁንም አለ። ግራናይት ያላችሁ በዚህ ብዙም አትጨነቁ።

ለየዕለቱ ጽዳት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 አካባቢ የሆነ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ያልሆነ ሳሙና ይበቃል፣ በረኪናውን ተዉት። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዚያች ጽሑፍ ነው።