ዲስካችሁን «ቫይረስ በልቶታል» ለሚላችሁ ጥገና ቤት አታስረክቡ

ባለፈው ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት 2,000 ብር ከፍዬ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ አስጠፍቼ ወጣሁ። አያቴ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የተቀረጹት እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

ቪዲዮ አንሺው ሰርጉንና መልሱን በአንድ ሃርድ ዲስክ ሰጥቶን ነበር። ቤት ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» የሚል መልእክት አወጣ። ደንግጬ ወደ ጥገና ቤቱ ሮጥኩ። ልጁ ሰካው፣ ያው መልእክት መጣ፣ ከንፈሩን መጠጠና «ቫይረስ በልቶታል» አለኝ። ዲስኩ በምን ኮምፒውተር እንደተሞላ እንኳ አልጠየቀም። ማውሱን ሁለት ጊዜ ነክቶ ፎርማት አደረገው፣ ማለትም ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ አዘጋጀው፤ ባዶ ዲስክ አሳየኝ። መሥራቱን ላረጋግጥልህ ብሎ ሁለት ፊልም ገለበጠበት! ፋይሎቼስ ስለው ማስመለሱ ሌላ 8,000 ብር ነው አለ። ራሱ አጥፍቶ ራሱ ሊያስመልስ።

ማታ ለቪዲዮ አንሺው ደወልኩ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር። እሱ የሚሠራው በማክ ነው፤ ዲስኩም የተዘጋጀው አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. ለማክ ባወጣው ኤፒኤፍኤስ በሚባል የፋይል አደረጃጀት ነው። ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይህን አያነብም፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ሊኑክስ በሚጠቀምበት አደረጃጀት፣ በኤክስት4 የተዘጋጀ ዲስክ ቢሰኩበትም ያንኑ የፎርማት ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። ግዕዝ የማያውቅ ሰው ብራናውን ትርጉም የለውም ብሎ ፍቆ እንደሚጽፍበት ነው።

መፍትሔው ነጻ ነበር። ማክ ያለው ወዳጅ ጋ ሄዶ ፋይሎቹን ኤክስፋት በሚባል አደረጃጀት ወደተዘጋጀ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ብቻ፤ ያንን ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። ፋት32 የሚባለው አደረጃጀት አይሆንም፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልምና ረጅም የሰርግ ቪዲዮ አይገባበትም። ዲስኩ የሊኑክስ ከሆነ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኑ ከፍላሽ አስነስታችሁ ክፈቱት።

እንደኔ ከረፈደባችሁ ደግሞ ዲስኩን ወዲያውኑ ንቀሉት። ፈጣኑ ፎርማት በሃርድ ዲስክ ላይ በአብዛኛው የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ነው፤ ይዘቱን የሚደመስሰው በላዩ የሚገለበጠው አዲስ ነገር ነው። የእኔን ያሳሰበኝ ፎርማቱ ሳይሆን ሁለቱ ፊልሞች ናቸው።

ዲስኩን ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል አልጻፍኩበትም። ለሌላ ባለሙያ አሳየዋለሁ። ያንን 8,000 ብር ግን ለዚያ ልጅ አልሰጥም።