ለልጄ ቲቸር ምስጋና፣ ለቱሉ ዲምቱ ወላጆች ጥቆማ

ሰላም የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የአካባቢው ወላጆች። ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ጎበዝ መምህር ጠቁሙን የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔ አንዷን ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም በአደባባይ ላመስግናት። የምታስተምረው እዚሁ ሰፈራችን ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ፣ ልጄ እንደሚጠራት ቲቸር እላታለሁ።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ያነባል፣ በሂሳብማ የሚቀድመው የለም። ፈተናው ጭንቀቱ ነው። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ ሲዘምር እጁን ይነክሳል። በፊት የተማረበት ትምህርት ቤት በየመንፈቁ የውጤት ካርዱ ላይ «ይረብሻል» ብሎ ይልክልን ነበር። ለንባብ እቅድ ነበራቸው፣ ለጽሕፈት እቅድ ነበራቸው፤ ለጭንቀቱ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

ቲቸር ገና ስንተዋወቅ «ዘንድሮ ምን ቢለወጥለት ደስ ይላችኋል?» ብላ ጠየቀችን። እናቴ አብራኝ ነበረች፤ ቀደም ብላ «ጨዋ ይሁንልኝ» አለች። «እማማ፣ ጨዋ መሆኑን በምን እናውቃለን? ምን ሲያደርግ ብናየው ነው?» አለቻት። እናቴ መልስ አጣች። ሥራው ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልሞከረችም፤ ዝም ብላ አየች፣ ጻፈች። ከመሮጡ በፊት ምን ተፈጠረ? እሱ ምን አደረገ? ሰዎች ምን አሉት? ለመረጋጋት ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ቀጥላ ሥዕሎች ደርድራ ልጁን ራሱን ጠየቀችው፤ ደወሉ፣ ሰልፉ፣ የምሳ ሰዓት ጫጫታ። እሱ ደወሉ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ስለዚህ ከደወሉ ተነሡ።

ግቡ በግል የትምህርት እቅዱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ «ድምፅ ሲያስጨንቀው ሰማያዊ ካርዱን አንሥቶ ያሳያል፤ ጸጥ ወዳለው ጥግ ሄዶ እስኪረጋጋ ይቆያል። ከ5 ጊዜ 3ቱን፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ።» ልብ በሉ፣ «አይጮህም» አይልም። ምክንያቷን ስትነግረኝ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ተረጋግቷል ማለት አይደለም አለችኝ። ፈርቶም ዝም ይላል። እሷ የምትፈልገው ሲጨንቀው የሚያደርገው ነገር እንዲኖረው ነው። ይህን ብዙ ባለሙያ ሲስተው አይቻለሁ።

መለኪያው ባለ አምስት ደረጃ ነው፤ ከ−2 እስከ +2። ከታች ያለው −2 ሲጀመር የነበረበት ነው፤ ካርዱን ጨርሶ አያነሣም። 0 ያሰብንለት ነው። +2 ካሰብነው በጣም ያለፈ። «የኔ ፈጠራ እንዳይመስልሽ» አለችኝ፤ ኪረሱክና ሸርማን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1968 እ.ኤ.አ. ለአእምሮ ጤና አገልግሎት መመዘኛ እንዲሆን ያወጡት ነው። እኔ የወደድኩት ልጄን ከሌላ ልጅ ጋር ስለማያወዳድር ነው። የሚለካው ከራሱ ጋር ነው።

የዕለቱን ውጤት ኮሙኒኬሽን ቡኩ ጀርባ ላይ ትጽፋለች፤ የቤቱን እኛ እንሞላለን። እናቴ «ልጅ በወረቀት ያድጋል እንዴ!» ትል ነበር። አሁን እኔ ሳመሽ መስመር መስመር እያሰመረች የምትቆጥረው እሷ ናት።

የመመዝገቡ ጥቅም ደግሞ በጣም የገባኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ደህና ሲሄድ የነበረው ልጅ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ መድኃኒት ይሆን፣ እንቅልፍ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል፣ ቲቸር ወረቀቱን ዘርግታ ቀኖቹን አስተያየች። የከፋባቸው ቀናት ዝናብ የጣለባቸው ናቸው! ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲወርድ እኛ እንኳ አንደማመጥም። ግቡን አልቀየረችም፤ ድጋፉን ቀየረች። ለዝናብ ቀን የጆሮ መከላከያ ተዘጋጀለት፣ ወንበሩም ወደ ሌላው ሕንፃ እንዲዛወር ተደረገ።

ደወሉንም ቢሆን ዝም ብላ አልተወችውም። የኛ ትምህርት ቤት ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ጥበቃው በብረት ይመቱታል። ተነጋገረችና ከመምታታቸው በፊት ለልጁ እጃቸውን ያሳዩታል። መጀመሪያ ከሩቅ ያይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀረበ፤ አሁን አንዳንዴ ራሱ ይመታዋል። በደወሉ +1 ደርሷል። ሰልፉ ግን ገና −1 ላይ ነው። እሷም ለማስደሰት ብላ ቁጥር አትጨምርም፤ −1 ከሆነ −1 ነው።

ሌላ የማከብርላት፣ ወሰኗን ታውቃለች። እንቅልፉ ሲዛባ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ብላ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ላከችን። ሐኪሙ መዝገቧን አንብቦ ሲጨርስ የሚጠይቀን ጥያቄ በግማሽ ቀነሰ። የልጁን ወረቀት ደግሞ ግድግዳ ላይ አትለጥፍም። ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚያየው የሚመለከተው ብቻ ነው።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እንደመሠረቱት ጆይ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ግን ከኛ ሰፈር በታክሲ እየተቀያየሩ፣ ድምፅ የሚረብሸውን ልጅ ይዞ በየቀኑ መመላለስ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በር ላይ መገኘቱ ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆነብን። ጭነቷ ግን ብዙ ነው፤ ረዳት ቢመደብላት ስንት ልጅ በደረሰች።

ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ወይም ልታማክሯት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ትምህርት ቤቱን እነግራችኋለሁ። ከክፍል ሰዓት ውጪ ሂዱ። የልጁን የድሮ የውጤት ካርድና ኮሙኒኬሽን ቡክ ያዙ፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚያረጋጋውን ነገር አስባችሁበት ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ገንዘብ ልስጥሽ ብትሏት ትቆጣለች። ወረቀት ግን ሁሌ ያልቅባታል፤ አንድ ደስጣ ይዛችሁ ብትሄዱ እምቢ አትልም።