ኤቢኤስ ከመግጠማቸው በፊት «ለምን ፈለግከው?» ብለው ለጠየቁኝ መካኒክ

ኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) የገጠሙልኝን መካኒክ፣ ጋሼን፣ ማመስገን የነበረብኝ መኪናዬን ከጋራዥ ያወጣሁ ዕለት ነበር። ግን ትንሽ ልንዳትና እርግጠኛ ልሁን ብዬ ቆየሁ። አሁን በደረቅም በዝናብም ነድቻታለሁ። የውድድር መም ላይም ሁለት ጊዜ ይዣት ገብቻለሁ። ስለዚህ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። ስፖርት መኪና ኖሯችሁ «ኤቢኤስ ላስገባላት ወይስ ይቅር?» እያላችሁ ከራሳችሁ ጋር የምትሟገቱ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

መኪናዬ ባለ ሁለት በር፣ ቀላል፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ ናት። የተሠራችበት ዓመት ሞዴል ኤቢኤስ የለውም። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሞተሩን አጎልብቶታል። የፊት ፍሬኑንም አውጥቶ ትልልቅ ዲስክና ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) አስገብቷል። የኋላውን ግን አልነካውም። ስገዛት ይህን እንደ ትልቅ ነገር ነበር ያየሁት።

አንድ ቀን በዝናብ ስነዳ ከፊቴ ያለው መኪና በድንገት ቆመ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። የፊት ጎማዎቹ ክችም አሉ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፤ መኪናዋ ግን መሪ እንደሌላት ሁሉ ቀጥ ብላ ተንሸራተተች። ክንድ የማይሞላ ርቀት ሲቀራት ቆመች። ከኋላ ወንበር ላይ የእህቴ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተነስቼ ኤቢኤስ የሚገጥም ሰው መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ በ5 ደቂቃ ጨረሰልኝ። ከወደቀ መኪና ላይ የተፈታ የኤቢኤስ ዩኒት አለ፣ በሁለት ቀን ገጥመን እንሰጥሃለን አሉኝ። ከየትኛው መኪና እንደተፈታ ስጠይቅ «ኤቢኤስ ሁሉም ያው ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ደስ አላለኝም። አንድ ጓደኛዬ ነው ወደ ጋሼ የላከኝ።

ጋሼ ሲያገኙኝ መኪናዋን ሳይሆን እኔን ነበር የጠየቁት። «ለምን ፈለግከው?»

«በአጭር ርቀት እንድቆም ነዋ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መኪና የሚያቆመው ጎማ ነው። ኤቢኤስ ለጎማው የሌለውን ጉልበት አይሰጠውም።»

ከዚያ አንድ ጎማ በእጃቸው እያሽከረከሩ አስረዱኝ። ጎማ መንገድን አጥብቆ የሚይዘው ሙሉ በሙሉ ሲቆም አይደለም። ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ሲሽከረከር ነው። ከዚያ አልፎ ከተቆለፈ መንሸራተት ብቻ ነው። የተቆለፈ የፊት ጎማ ደግሞ ወደ ጎን የሚይዝበት አቅም አይቀረውም፤ መሪ ብታዞርም አይሰማህም። የእኔ መኪና ያን ቀን ያደረገችው ይህንኑ ነው። የኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ደግሞ ይብሳል፣ መኪናዋ ዞራ ትሄዳለች።

ኤቢኤስ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለው። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ፍጥነቱ ሲወድቅ ኮምፒውተሩ ሊቆለፍ ነው ብሎ ያውቃል። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት በቫልቭ ይዘጋዋል። ካልበቃ ያስተነፍሰዋል፣ ጎማው ሲነቃ መልሶ ይሰጠዋል። ይህን በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ያደርገዋል። ጋሼ እንዲህ ነበር ያሉት፦ «የአንተ እግር አንድ ነው፣ ጎማው ግን አራት ነው።» ጎበዝ ሹፌር በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው ሊቆለፍ ሲል እየያዘ በደንብ ሊያቆም ይችላል። ግማሹ ጎማ ርጥብ ላይ ግማሹ ደረቅ ላይ ሲሆን ግን በአንድ ፔዳል አራቱን ለየብቻ ማዘዝ የሚችል ሰው የለም።

እኔም የማውቀውን ይዤ ተከራከርኩ። ታዋቂዎቹ ስፖርት መኪኖች ፌራሪ ኤፍ 40 ኤቢኤስ የለውም፣ ማክላረን ኤፍ 1ም የለውም አልኳቸው። አልተቆጡም። «ዛሬ በጂቲ3፣ በስፖርት መኪኖች ውድድር የሚሮጡትስ? ሁሉም አላቸው፣ የሚነዷቸውም ባለሙያዎች ናቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቦሽ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤቢኤስ በ1978 እ.ኤ.አ. በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ከገባ ወዲህ ነገሩ የቅንጦት መኪና ጌጥ ሆኖ አልቀረም። በ1993 እ.ኤ.አ. የዊሊያምስ ቡድን የፎርሙላ 1 መኪና ጭምር ነበረው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፎርሙላ 1 የተከለከለውም ስለማይሠራ አልነበረም፤ ለሹፌሩ በጣም ስለሚያግዘው እንጂ።

ይሄ ሁሉ ወሬ ሲያልቅ ይገጥሙልኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መኪናዋን በክሪክ አነሱና ያለውን ፍሬን መመርመር ጀመሩ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች አስነበቡኝ፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። ጎማዎቼ 9 ዓመታቸው ነበር። ጥርሳቸው ገና ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ነው። ዘይቱ ደግሞ በባሕርዩ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። መም ላይ ደጋግሞ ፍሬን ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ያኔ ኤቢኤስም ምንም አያደርግልህም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ግን የትም አይቼ አላውቅም። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ በነጭ ጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመሩ። ከዚያ መኪና የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሄድን። እኔ በ40 ከዚያም በ60 እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ እሳቸው ከጎን ቆመው በስልካቸው ቀረጹ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ቪዲዮውን ቀስ አድርገው ሲያሳዩኝ የግራው የፊት ጎማ መስመር ቆሟል፣ የቀኙ ግን ገና ይዞራል። ሁለቱ እኩል መቆለፍ ነበረባቸው። ጋራዥ ተመልሰን የቀኙን ካሊፐር ሲፈቱት ከ4ቱ ፒስተኖች አንዱ ዝጎ ተጣብቋል። ፍሬኔ ለዚያን ያህል ጊዜ በአንድ ጎኑ ሲያነክስ ኖሯል ማለት ነው።

«ይሄ እያለ ኤቢኤስ ብገጥምልህ በሽታውን ሸፍኜልህ ነበር» አሉኝ።

ካሊፐሩ ታደሰ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ አራት አዲስ ጎማ አሰርን። ከዚያ ወደ ቤቴ ላኩኝ! አንድ ወር ንዳና አሁንም የምትፈልገው ከሆነ ተመለስ ብለው። ሊሠሩት ይችሉ የነበረውን ሥራ ነው የመለሱት። እኔን ያሸነፈኝ ይህ ነው።

ከወር በኋላ ተመለስኩ። መኪናዋ በጣም ተሻሽላለች፣ ግን እኔ በየቀኑ መንገድ ላይ፣ በዝናብም የምነዳት ሰው ነኝ። ያ የዝናብ ቀንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ጋሼም ተስማሙ። መም ላይ ብቻ የምትነዳት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ አነዳድ ተማር እልህ ነበር፣ ለመንገድ ከሆነ ግን ልክ ነህ አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከማንኛውም መኪና የተፈታ ኤቢኤስ አይሆንም። ኮምፒውተሩ የተቃኘው ለአንድ መኪና ክብደት፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ላለው ርቀት፣ ለጎማው ስፋትና ለፍሬኑ መጠን ነው። ሌላ ላይ ከገባ በተሳሳተ ሰዓት ግፊት ይለቃል። አንዳንዱማ ፍሬን ስትረግጠው መንገዱን በረዶ ነው ብሎ ያስብና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ለውድድር ተብለው የሚሸጡ እንደ ቦሽ ኤም 5 ያሉ በማዞሪያ የሚስተካከሉ ኪቶች አሉ። ብዙ ሰው ደግሞ ኤምኬ 60 የሚባለውን የኤቢኤስ ዩኒት ከቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም 3 አውጥቶ ይገጥማል። ጋሼ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። የእኔ መኪና በኋለኞቹ ዓመታት ከፋብሪካ ከኤቢኤስ ጋር ወጥታለች። ስለዚህ የዚያኑ ሞዴል ሙሉ ዕቃ ፈለጉ፦ ዩኒቱን፣ ሴንሰሮቹን፣ ሴንሰሩ ፍጥነት የሚያነብበትን ጥርስ ያለውን ቀለበት ከነእምብርቱ፣ ሽቦውን፣ የፍሬን ግፊት ማከፋፈያውንም ሳይቀር።

አንድ ነገር አሳዝኖኛል፣ እሱም ትልቁን የፊት ፍሬን መልቀቄ ነው። ኤቢኤሱ የሚያውቀው የፋብሪካውን መጠን ስለሆነ ወደዚያው መለሱት። በምትኩ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ አስገቡልኝ። መም ላይ ስሞክረው ያሰብኩትን ያህል አላጣሁም።

ገጠማው ላይ ግማሽ ቀን አብሬያቸው ተቀመጥኩ። በሴንሰሩና በቀለበቱ ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ብረት መለኪያ እየለኩ ጎማውን ቀስ አድርገው ያዞራሉ። የኋላው ግራ ላይ ክፍተቱ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል። ኩሽኔታው ላልቷል። ለዓይን አይታይም፣ በእጅ ቢነቀንቁትም እምብዛም አይሰማም። ቀየሩት። የፍሬን ቱቦዎቹን በእጃቸው አጠፉ፣ ጫፋቸውን እያሰፉ ሠሩ። አንዷን ጫፍ በባትሪ ብርሃን አዩና የፀጉር ያህል ስንጥቅ ስላገኙባት ጣሏት፤ ያን ሁሉ የታጠፈ ቱቦ እንደገና ጀመሩት። አየሩን ሲያስወጡም በፔዳል ብቻ አልበቃቸውም። ኮምፒውተር ሰክተው የዩኒቱን ፓምፕና ቫልቮች እያሠሩ ውስጡ የተደበቀውን አየር አወጡ።

ከማስረከባቸው በፊት ፊውዙን ነቀሉና ንዳ አሉኝ። የኤቢኤሱ መብራት ክሩስኮቱ ላይ በራ፣ ተራው ፍሬን ግን እንደ ድሮው ያዘ። ኤቢኤሱ ቢበላሽ ምን እንደሚጠብቀኝ በእግሬ እንዳውቀው ፈልገው ነው።

ከዚያ ወደዚያው ሜዳ ሄድን፣ መሬቱን በውሃ አረጠብነው። ባዶ ጀሪካን መሀል ላይ አቆሙ። ከመግጠማችን በፊት በዚሁ ፈተና ጀሪካኑን ገጭቼው ነበር። አሁን በ60 መጣሁ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩና መሪውን አዞርኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከፊት ጥርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። «እግርህን እንዳታነሳ!» እያሉ ከውጭ ይጮሃሉ። መኪናዋ ጀሪካኑን በግራ ትታ ታጠፈችና ቆመች። ከመኪናው ወርጄ አቀፍኳቸው።

የጎደለውንም ልንገራችሁ። ካሉኝ ቀን 10 ቀን ዘግይተዋል። ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ መኪናዋ ከበፊቱ ራቅ ብላ ነው የምትቆመው። የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ይከምርና እሱ ያግዘው ነበር፣ የሚዞር ጎማ ይህን አያገኝም። ይህን አስቀድመው ነግረውኛል። የፍሬን ለውጥ ስታደርጉ ለኢንሹራንሳችሁ ማሳወቅ እንዳትረሱም አደራ ብለዋል።

የማን መኪና ይሂድላቸው? ኤቢኤስ የሌላት፣ ነገር ግን የእሷው ሞዴል በኤቢኤስ የወጣላት ስፖርት መኪና ያለው፣ መንገድ ላይም የሚነዳት ሰው ያለ ሐሳብ ይሂድ። የውድድር ኪት አስገብቶ በኮምፒውተር ማስቃኘት ለሚፈልግ ግን እሳቸው ራሳቸው «መሣሪያው የለኝም፣ ሌላ ሰው ፈልግ» ይላሉ። ስትሄዱ ጎማችሁ መቼ እንደተሠራ፣ የፍሬን ዘይት መቼ እንደቀየራችሁ አውቃችሁ ሂዱ። ወደ ቤት ከመለሷችሁም አትቀየሟቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የእህቴ ልጅ አሁንም ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ለፍሬን ዘይቱ ባሉኝ ጊዜ እመጣለሁ።