አንድ ሙሉ ሰርቨር፣ የተከፋፈለ ሰርቨር ወይስ ክላስተር? ለዳታቤዝ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት

32 ኮር (ሥራ የሚያከናውን የፕሮሰሰር ክፍል) ያለው ሰርቨር ሊገዛ ያሰበ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። እንዳለ ልጠቀምበት ወይስ አራት ቦታ ከፍዬ በየክፍሉ ዳታቤዝ ልጫን? ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ትልቁን ትቶ አራት ባለ 8 ኮር ማሽኖች ገዝቶ በኔትወርክ ማገናኘት፤ ክላስተር የሚባለው ይሄ ነው። ሦስቱም ወረቀት ላይ 32 ኮር ናቸው። ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ለየቅል ናቸው።

በሙሉው ሰርቨር እንጀምር። ሁሉም ኮር አንድ ሚሞሪ ይጋራል። ከባድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ሲመጣ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ቆራርጦ ጎን ለጎን ለሚሮጡ ብዙ ፕሮሰሶች ያድላል። እያንዳንዱ የደረሰውን ያነባል፣ አንዱ ውጤቱን ይሰበስባል። መሀል ላይ ኔትወርክ የለም፤ አስተዳደሩም ቀላል ነው። ቡድንዎ ትንሽ ከሆነ ያለማመንታት ይሄን እመክራለሁ።

ግን ኮር በጨመሩ ቁጥር ፍጥነቱ እኩል አይጨምርም። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 ያነሳው ነጥብ ዛሬም አልተሻረም። ከሥራው 10 በመቶው የግድ በአንድ ኮር የሚሠራ ነው እንበል። በ16 ኮር የሚያገኙት ፍጥነት ቢበዛ 6.4 እጥፍ ነው። በ32 ኮርስ? 7.8 እጥፍ። ኮሩ በእጥፍ አደገ፣ ሒሳቡም አብሮ ናረ፣ ሪፖርቱ ግን ትንሽ ብቻ ነው የፈጠነው። በዚያ ላይ ባለብዙ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ቅርብ ሚሞሪ አለው፤ ከሌላው ሶኬት ሲያነብ ይዘገያል።

ሴቲንጉንም ይዩት። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አንድን ኩዌሪ በትይዩ ማስኬድ የጀመረው በ2016 በወጣው 9.6 እትም ነው። በአሁኖቹ እትሞች ካልነኩት በስተቀር በተለምዶ የሚመድበው 2 ረዳት ፕሮሰስ ብቻ ነው። ዋናው ሲጨመር ሦስት መሆኑ ነው። 32 ኮር ገዝተው በሦስት የሚሠሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያሳዝናል።

ሁለተኛው የተከፋፈለው ሰርቨር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1997 የወጣው የሰን ኩባንያ ኢንተርፕራይዝ 10000 ሰርቨር እስከ 64 ፕሮሰሰር ይዞ ዶሜይን ወደሚባሉ ክፍሎች ይከፈል ነበር። የአይቢኤም ፓወር ማሽኖችም ዛሬ ኤልፓር በሚባል የክፍፍል ዘዴ ይከፈላሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፦ መክፈል ፍጥነት አይሰጥም። የሚሰጠው መለያየትን ነው። የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲሮጥ የደንበኞች ግብይት እንዳይንገዳገድ ከፈለጉ፣ ለየብቻ ክፍል ስጧቸው፤ ገንዘቡ አይቆጭዎትም። ነገር ግን አንዱን ዳታቤዝ በኦራክል አርኤሲ (አንድን ዳታቤዝ ብዙ ሰርቨር በጋራ የሚከፍትበት) ዓይነት ዘዴ ከአራቱም ክፍል ከፍተው አንድ ኩዌሪ ሊያፈጥኑ ከሆነ፣ በአንድ ሚሞሪ ያልቅ የነበረውን ሥራ ወደ መልእክት መላላክ ይቀይሩታል። አራቱ ክፍሎች ያሉት ደግሞ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ሲወድቅ አራቱም ይወድቃሉ።

ላይሰንሱን አይርሱ። ኦራክል ኢንተርፕራይዝ እትም በኮር ይቆጠራል፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ላይ እያንዳንዱ ኮር በ0.5 ስለሚባዛ 32 ኮር 16 ላይሰንስ ይሆናል። አርኤሲ ለብቻው ይከፈልበታል። ማሽኑን በቪኤምዌር ሶፍትዌር ስለከፋፈሉ ብቻም ሒሳቡ አይቀንስም፤ ኦራክል ያንን በሶፍትዌር ብቻ የተደረገ «ለስላሳ ክፍፍል» ብሎ አይቀበለውም።

ሦስተኛው፣ እንደ ቴራዳታና ግሪንፕለም ዳታቤዞች፣ ምንም የማይጋራው ክላስተር ነው። እያንዳንዱ ኖድ (የክላስተሩ ማሽን) የራሱ ሚሞሪና የራሱ ዳታ አለው። ዳታው ሲበዛ ማሽን ይጨምራሉ። ለግዙፍ ትንተና የሚስተካከለው የለም። ሞት ሽረቱ ያለው ግን የትኛው ረድፍ ወደ የትኛው ኖድ እንደሚሄድ የሚወስነው ማከፋፈያ ቁልፉ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በስምንት ኖድ ላይ የሽያጭ ሠንጠረዥ በቅርንጫፍ ቁጥር አከፋፈልን። ከግማሽ በላዩ ግብይት በዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥር የተመዘገበ ነበር። ሌሊት ስክሪኑን ሳይ ሰባቱ ኖዶች ሥራ ጨርሰው ቆመዋል፤ አንዱ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ብቻውን ይማስናል። ስምንት ማሽን ገዝተን በአንድ ነበር የምንጠብቀው። ቁልፉን ወደ ግብይት ቁጥር ስንቀይረው ስምንቱም እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። ሌላ ወጪ ግን መጣ፦ ሽያጩን ከደንበኛ ሠንጠረዥ ጋር ስናገናኝ ረድፎቹ በኔትወርክ ከኖድ ኖድ መዘዋወር ነበረባቸው። ስለዚህ ኔትወርኩ ላይ አይቆጥቡ።

እንግዲህ ብዙ አጫጭር ግብይትና መጠነኛ ሪፖርት ካለዎት ሙሉውን ሰርቨር ይውሰዱ። የማይስማሙ ሥራዎችን አንድ ማሽን ላይ ማኖር ግድ ከሆነ ማሽኑን ይከፋፍሉት። አንድ ማሽን የማይችለው ዳታ ላይ ቀኑን ሙሉ ትንተና ከሆነ ወደ ሦስተኛው ይሂዱ። ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን ዳታና በጣም የሚያስቸግርዎትን ኩዌሪ ለሻጩ ይስጡት። በ1፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እና በ32 ኮር ያስኪደውና ሰዓቱን አጠገቡ ቆመው ይጻፉ። ሰዓቱ መቀነስ ያቆመበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኮር አይግዙ።