ዴድ ሴልስ፦ ስንቴ ገድሎኝ ያልጠላሁት ጌም

ዴድ ሴልስ አዲስ ጌም አይደለም፣ ሙሉው የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኔ ግን እስከዛሬ "አንድ ዙር ብቻ" ብዬ ከፍቼው ሁለት ሰዓት ይበላኛል። ታሪኩ ብዙም የለውም። ጭንቅላት የሌለው እስረኛ ነህ፣ ከእስር ቤቱ ለማምለጥ ትሞክራለህ፣ ትሞታለህ፣ ከመጀመሪያው ክፍል እንደገና ትነሳለህ፣ በቃ። ካርታው በየዙሩ ስለሚቀያየር መንገድ መሸምደድ አይሰራም፣ የሚለምደው እጅህ ነው።

እና ጣፋጩ ነገር እዛ እጅ ላይ ነው ያለው። በተኑን ከመንካትህ ሰውዬው ታዟል፣ "ቆይ ልዘጋጅ" ብሎ ነገር የለም። ሁለቴ ይዘላል፣ ጫፍ ይዞ ይወጣል፣ ከላይ ሆነህ ወደታች ካልከው እንደ ድንጋይ ወርዶ መሬቱን ይመታል፣ ከሁሉም ግን መንከባለሉ! እየተንከባለለ ሳለ ምንም አይነካውም፣ ጠላቱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ከጀርባው ብቅ ይላል፣ የተዘጋ በር ካጋጠመውም በሩን ገንጥሎት ነው የሚገባው፣ ከበሩ ኋላ የቆመው ምስኪን ደንዝዞ ይቀራል። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።

ብዙ ጌሞች ላይ መንቀሳቀስ ሌላ መዋጋት ሌላ ነው አይደል፣ ትሮጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ትደበድባለህ፣ ደግሞ ትሮጣለህ። እዚህ መቆም የለም። አንዱ ቀስት ሲወረውርብህ በጋሻህ በሰዓቱ ከመከትክ ቀስቱ ወደራሱ ይመለሳል፣ እሱ ሳይወድቅ ሌላኛውን ሰንጥቀህ አልፈህ ከጀርባ ትመታዋለህ፣ ዘለህ ከላይ ያለውን፣ ከዛ ወርደህ የቀረውን፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ቶሎ ቶሎ ከገደልክ ደግሞ ፍጥነት ይጨምርልሃል፣ ስትፈጥን የበለጠ ትገድላለህ፣ ስትገድል የበለጠ ትፈጥናለህ፣ አለቀ፣ እራትህን ረስተሃል። በሰዓት የሚዘጉ በሮች አሉ፣ ቀድመህ ከደረስክ ሽልማት ታገኛለህ፣ ዘግይተህ ከመጣህ ተዘግቶ ይጠብቅሃል። ስትመታም ቢሆን ከጠፋብህ ህይወት የተወሰነው ብርቱካንማ ሆኖ ለትንሽ ጊዜ ይቆያል፣ ቶሎ መልሰህ ከመታህ ታስመልሰዋለህ። አስቡት፣ ተመትተህ እንኳን ሽሽ አይልህም፣ ግባ ነው የሚልህ።

ሌላው ማንም የማያየው ደግነቱ ነው። ከጫፍ ላይ ትንሽ አልፈህ ዘግይተህ ዝላይ ብትነካም ይቆጥርልሃል፣ ይሄ ኮዮቴ ታይም የሚባለው ነው፣ ካርቱን ላይ ገደሉን አልፎ አየር ላይ ሲሮጥ ቆይቶ ወደታች ሲያይ ብቻ የሚወድቀውን እንስሳ አስቡት። ሴሌስት የሚባለው ሌላ የዝላይ ጌምም ይሄው አለው። ተጫዋቹ ግን "እኔ ጎበዝ ነኝ" ብሎ ነው የሚያስበው፣ እኔም እንደዛ አስብ ነበር፣ ሳውቅ ትንሽ ከፋኝ 😅 ግን ምን ላርግ፣ ባይኖር ኮንትሮለሬን ግድግዳ ላይ ነበር የምሰብረው።

የሰሩት ሞሽን ትዊን የሚባሉ ቦርዶ፣ ፈረንሳይ ያሉ ልጆች ናቸው፣ ሁሉም እኩል የሚከፈልበት ማህበር ነው፣ ይሄን ስሰማ ወደድኳቸው። ምስሉ በእጅ የተሳለ ፒክስል (በትናንሽ ካሬዎች የተሰራ ስዕል) ይመስላል እንጂ ሰውዬው መጀመሪያ በ3ዲ ተሰርቶ ነው ወደ ፒክስል የተቀየረው፣ ስለዚህ አንድ እንቅስቃሴ ለማስተካከል ሁሉንም ምስል እንደ አዲስ መሳል አላስፈለጋቸውም። ያ ልስላሴ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

የማይመቸኝስ? ወደኋላ ላይ መሳሪያህ እሳት፣ መብረቅ፣ ቦምብ ምናምን ሲሆን ስክሪኑ ሰርግ ቤት ይመስላል፣ እኔ የት ነኝ እያልክ ትሞታለህ። ዝግ ያሉት ከባድ መሳሪያዎችም አይገቡኝም፣ ይሄ ሁሉ ፍጥነት ተሰጥቶህ መዶሻ ስታነሳ ሰማዩን እስክታይ መጠበቅ ምንድነው? የሚወዷቸው አሉ፣ ይመቻቸው። የጌሙ አስቸጋሪነት ቦስ ሴል በሚሉት ደረጃ ነው የሚቆጠረው፣ እስከ 5 ድረስ ይሄዳል፣ እኔ 2 ላይ ነው ያለሁት፣ አላፍርም። ከከበዳችሁ በ2022 የጨመሩት አሲስት ሞድ አለ፣ የጠላትን ጉልበት መቀነስ፣ ስትሞቱ ከዛው መቀጠል ትችላላችሁ፣ ማንም አይፈርድባችሁም።

ስልክ ላይም አለ ግን የኔ አውራ ጣት ላብ ስላለው መንከባለል ስፈልግ እዘላለሁ፣ በኮንትሮለር ተጫወቱት። ኮንትሮለሩም ጤነኛ ይሁን፣ የኔ የድሮው ስቲክ ሳልነካው ወደ ግራ ይሄድ ስለነበር ለሁለት ሳምንት "ጌሙ ተበላሽቷል" እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነበር።

አንድ ምክር፣ የመጀመሪያው ቦስ (መንገድ የሚዘጋብህ ዋናው ጠላት) ኮንሲየርጅ ይባላል፣ ግዙፍ ነው፣ ዘሎ ይመጣብሃል። እኔ ስንት ዙር ሙሉ ወደኋላ እየሸሸሁ ግድግዳው ላይ አጣብቆ ገደለኝ። አንድ ቀን በስህተት ወደሱ ተንከባለልኩ፣ በስሩ አልፌ ከጀርባው ወጣሁ፣ ጀርባው ሰፊ ነበር።