የነጠላ ፎቶን ዳሳሽ ከነጊዜ መዝጋቢው፦ ለአራት ኪሎ ቤተ ሙከራ ያዋጣል?

ዳሳሹ አንዲትን የብርሃን ቅንጣት (ፎቶን) የሚያውቅ መሣሪያ ነው፤ መዝጋቢው ደግሞ ምልክቱ የመጣበትን ቅጽበት ይጽፋል። ወፍራም የሲሊከን ዳዮድ ያለው ዳሳሽ የሚሰጠው ጊዜ በተለምዶ 350 ፒኮሰከንድ (ፒኮሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ያህል ይዋዥቃል፤ ብርሃን በዚያ ጊዜ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሱ ጋር 1 ፒኮሰከንድ የሚለይ ውድ መዝጋቢ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ 50 ፒኮሰከንድ የሚለየው ይበቃል።

ኬብል ላይ ግን አትሰስቱ። ፒያሳ ሱቆች ውስጥ የሚሸጠው የዲሽ ኬብል ኢምፔዳንሱ (ለፈጣን ምልክት ያለው የመቋቋም መጠን) 75 ኦም ነው። 50 ኦም መግቢያ ላይ ሲሰካ ከምልክቱ ቮልቴጅ 20 በመቶው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የመቁጠሪያው መነሻ ቮልቴጅ (ምልክት እንዲቆጠር ማለፍ ያለበት ልክ) በጣም ዝቅ ካለ የሌለ ፎቶን ይቆጠራል። ለጥንድ ፎቶን ሙከራ ከሁለቱ ዳሳሾች የሚመጡትን ኬብሎች እኩል ቁረጡ፤ የ1 ሜትር ልዩነት 5 ናኖሰከንድ ያህል ያዛባል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የዳዮዱ ማቀዝቀዣ እስኪረጋ መመዝገብ አይገባም፤ ዳዮዱ ሲሞቅ በጨለማም ቆጠራው ይንራል። ዳሳሹ እየሠራ አምፖል ማብራትማ ሊያቃጥለው ይችላል።

መሣሪያው የሚሰጠው ፎቶኑ ዳዮዱ ውስጥ የሚያስነሳው የኤሌክትሮኖች ናዳ መነሻውን ቮልቴጅ ያለፈበትን ቅጽበት ነው፤ ቅንጣቱ «የደረሰበት» ሰዓት ሌላ ጥያቄ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1933 ጊዜ እንደ ቦታ የራሱ ኦፕሬተር (በኳንተም ፊዚክስ የሚለካን ነገር የሚወክል የሂሳብ መሣሪያ) ሊኖረው እንደማይችል ተከራክሯል፤ ነገሩ ዛሬም ያከራክራል። ለጥንድ ፎቶን ሙከራ ግን የሚፈለገው የሁለቱ ምልክቶች የጊዜ ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ ለማስተማሪያ ይገዛ።